ወርቅ የከፈለ ስደተኛ አይባልም?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። የሚያወራው ከ1975 በኋላ በጀልባ አገራቸውን ጥለው ስለወጡት ቬትናሞች ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ሲጨመቅ የሚለው ይህን ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የወጡት ድህነት እንጂ ሞት አላባረራቸውም። ወርቅ ከፍለው ስለተጓዙ ስደተኛ ሊባሉ አይገባም። ዓለምም እጁን ዘርግቶ ተቀብሏቸዋል። ባሕር ላይ የደረሰባቸውን አደጋ የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ወረፋ ጠብቀው በሕጋዊ መንገድ መውጣት ይችሉ ነበር። መደምደሚያው ደግሞ «የጀልባ ስደት ሲጀመርም ንግድ ነበር፣ ዛሬም ንግድ ነው» ይላል።

የጸሐፊው ብዕር ይጥማል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ሲነበብ እውነት ይመስላል።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ፎልስ ቸርች አጠገብ። የአካባቢው አበሻ ኤደን ሴንተርን ያውቀዋል። የቬትናሞች የገበያ ቦታ ነው፤ ሳይጎን ባለው የቤን ታን ገበያ አምሳል የተሠራ የሰዓት ማማ አለው። ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቀይ መስመር ያለበት ባንዲራ ይውለበለባል። የዚያ ባንዲራ አገር ደቡብ ቬትናም ናት፤ ዋና ከተማዋ ሳይጎን በኮሚኒስቱ ሰሜን እጅ ከወደቀችበት ከኤፕሪል 30 ቀን 1975 ወዲህ የለችም። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አገኘዋለሁ። አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለ11 ዓመት የሌሊት ፈረቃ አብረን ሠርተናል። በእኛ ደንብ ጋሼ የምለው ሰው ነው። በእነሱ ደንብ «አን» እለዋለሁ፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት። እሱ «ኤም» ይለኛል፣ ታናሽ ማለት ነው። ያንን ጽሑፍ ያነበብኩት እሱን እያሰብኩ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

«ጦርነቱ በ1975 አልቋል» ይላል። የቱ ጦርነት? ከአሜሪካ ጋር የነበረው አዎ፣ አልቋል። ሳይጎን ስትወድቅ ከ120 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላንና በመርከብ ወጣ። ለቀሩት የመጣው ሌላ ነገር ነው። የቀድሞው ጦር መኮንኖች ለአንድ ወር የሚሆን ስንቅ ይዛችሁ ኑ ተባሉ። ለትምህርት ነው ተባለ። አንዳንዱ ከ10 ዓመት በኋላ ተመለሰ፣ አንዳንዱ አልተመለሰም። ቦታው የተሐድሶ ካምፕ ይባል ነበር። ቃሉን ለእኛ ሰው ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። የከተማ ሰው ደግሞ «አዲስ የኢኮኖሚ ቀጠና» ወደሚባል ጫካና ረግረግ ተላከ፤ መሬት መንጥሮ እንዲያርስ። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲያመለክት አባቱ ማን እንደነበር፣ ለማን ይሠራ እንደነበር ይመዘናል። ሩዝ በኩፖን ነው። እንደ እኛ ቀበሌ ያለ ጽሕፈት ቤት ማን ቤት ማን እንዳደረ ይመዘግባል።

ማርች 1978 የግል ንግድ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ሾሎን በሚባለው የሳይጎን የቻይናዎች ሰፈር ሱቆች እየታሸጉ ዕቃቸው ተቆጠረ። «ሆዋ» የሚባሉት ትውልደ ቻይና ቬትናሞች ዋነኞቹ ተጎጂዎች ነበሩ። በ1978 መጨረሻ የቬትናም ጦር ካምቦዲያ ገባ። በፌብሩዋሪ 1979 ቻይና ቬትናምን ወጋች። አለቀ ከተባለው ጦርነት በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጦርነት ማለት ነው። ለእነዚህ ወታደር ከየት ይመጣል? ከየቤቱ ነዋ። ባልደረባዬ የወጣው በ20 ዓመቱ ነው፤ ወደ ካምቦዲያ የመሄጃ ወረቀቱ ከደረሰው በኋላ። አፈሳ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ «ኑሮ ፍለጋ» አይለውም።

አሁን ወደ ወርቁ ልምጣ። ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የተማመነው በዚህ ነው። «ድሃ ወርቅ ከየት ያመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ያስቃል ብሎ የጻፈው ይመስለኛል። እኔ ግን መልስ አለኝ።

በመጀመሪያ፣ ለምን ወርቅ ሆነ? ወረቀቱ ገንዘብ መሆኑን ስላቆመ ነው። በሴፕቴምበር 1975 በደቡብ ገንዘብ ተቀየረ፤ 500 የድሮ ዶንግ በአንድ አዲስ። ለአንድ ቤተሰብ የሚቀየረውም በልክ ነበር። በ1978 እንደገና ተቀየረ። የዕድሜ ልክ ቁጠባ ሁለት ጊዜ ውኃ ሲበላው ያየ ሰው የሚያምነው ቀሚስ እጥፋት ውስጥ የሰፋውን ብቻ ነው። መለኪያው ታኤል ነው፤ አንዱ ወደ 37 ግራም ተኩል ይመዝናል።

ሁለተኛ፣ ወርቁን ማን ተቀበለ? ጸሐፊው ደላላ ብቻ ይላል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያመለጠው። በ1978 እና በ1979 መጀመሪያ ቬትናሞች ራሳቸው «ከፊል ሕጋዊ» የሚሉት መንገድ ነበር። ሆዋዎቹ የጸጥታ ሹሞች ዘንድ ይመዘገባሉ። ለአዋቂ 10 ታኤል አካባቢ፣ ለልጅ ግማሹ ይከፈላል። ከዚያ በተፈቀደ ቀን በተፈቀደ ጀልባ ይሄዳሉ። ስማቸው ቻይናዊ ያልሆነ ቬትናሞች ሳይቀሩ የቻይና ስም ያለበት ወረቀት ገዝተው ተሰለፉ። ማለትም ሰውየውን ሱቁን የዘጋበት፣ ገንዘቡን የቀየረበት፣ ልጁን ለጦርነት የጠራበት መንግሥት በመጨረሻ የመውጫ ክፍያ አስከፈለው። ይህ ንግድ ነው ካልን እሺ፣ ነጋዴው ግን ጀልባው ላይ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ በድብቅ የወጣው ሰው ሌላ ነበር። መጀመሪያ «ታክሲ» የምትባል ትንሽ ጀልባ በሌሊት ከወንዝ ዳር ታነሳዋለች። ከዚያ ወደ «ትልቁ ዓሣ» ታደርሰዋለች፤ ባሕሩን የሚሻገረው ጀልባ ነው። ትልቁ ዓሣ ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ብዙውን ጊዜ የወንዝ ዓሣ ማጥመጃ ነው፣ አሥርና አሥራ ሁለት ሜትር የሚሆን። ታክሲዋ ትቀራለች፣ ወይም ፖሊስ ይደርሳል፣ ወይም ደላላው ወርቁን ይዞ ይጠፋል። ባልደረባዬ የተሳካለት በአራተኛው ሙከራ ነው። ከሦስቱ በአንዱ ስምንት ወር ታስሯል። በየሙከራው የተከፈለው አይመለስም። ወርቁ የእናቱ፣ የአክስቱና የአጎቱ ነበር።

የእኔንም ልንገራችሁ። እኔ በመተማ አድርጌ ሱዳን ስገባ መንገድ መሪው የተቀበለው የእናቴን የአንገት ወርቅ ነው። ሌላ ወርቅ አልነበራትም። የዛሬው ጸሐፊ ቢያየኝ ሀብታም ነበር ይለኝ ይሆናል።

የ«ከፍለዋል» ክርክር አዲስም አይደለም። በኖቬምበር 1978 «ሃይ ሆንግ» የምትባል አሮጌ የጭነት መርከብ 2,500 ሰው ጭና ማሌዥያ ፖርት ክላንግ አጠገብ ቆመች። የማሌዥያ መንግሥት አላወርድም አለ። ምክንያቱ ምን ነበር? እነዚህ ከፍለው የመጡ እንጂ ስደተኞች አይደሉም የሚል። ልክ እንደ ጽሑፉ! የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በበኩሉ የሚመለከቱኝ ሰዎች ናቸው አለ። ሕፃንና አሮጊት ብረት ላይ ተኝተው ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ካናዳ፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመንና ሌሎችም እየተካፈሉ ወሰዷቸው። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ከ3,300 በላይ ሰው የያዘች «ሁዌ ፎንግ» የምትባል መርከብ ሆንግ ኮንግ ደረሰች። ፖሊስ የሞተር ክፍሉ ውስጥ የተደበቀ ወርቅ አገኘ። ካፒቴኑና ግብረ አበሮቹ ተፈረደባቸው። ተሳፋሪዎቹ ግን ስደተኛ ሆነው ተመዘገቡ። ዳኛው እንኳ ሁለቱን ለይቷቸዋል።

እንግዲህ «ዓለም እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው» የሚለውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በ1979 ጁን ወር ብቻ 54 ሺህ ሰው በየባሕሩ ዳርቻ ደረሰ። ጎረቤት አገሮች ከዚህ በኋላ አንድም ሰው አንቀበልም አሉ። ጀልባ በገመድ እየጎተቱ ወደ ባሕር መለሱ። ስለዚህ ስደተኞቹ ዘዴ ቀየሱ። የብስ ሲታያቸው ጀልባቸውን ራሳቸው እየበሱ ያሰምጡ ነበር፤ የሚጎተት ነገር እንዳይኖር። ዋና የማይችል ሰው ልጁን ታቅፎ የተሳፈረበትን ጀልባ ሲበሳ ገምቱት። ይህ ነው እጅ መዘርጋት?

ፑላው ቢዶንግ የምትባል ደሴት አለች፣ ማሌዥያ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ለ4,500 ሰው ተብላ ነበር የተከፈተችው። በ1979 አጋማሽ 40 ሺህ ሰው ታጭቆባት ነበር። ከእንጨት፣ ከጆንያና ከፕላስቲክ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ጎጆ ሠሩ። የመጠጥ ውኃ በጀልባ ይመጣል። እስክትዘጋ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1991፣ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎባታል።

የዘረጋውም እጅ ቢሆን ተጠምዝዞ ነው የተዘረጋው። በጁላይ 1979 ጄኔቫ ላይ 65 አገሮች ተሰበሰቡ። ምዕራባውያኑ 260 ሺህ ሰው ለመውሰድ ቃል ገቡ። የአካባቢው አገሮችም በዚያ ልክ ለጊዜው አስጠልላለሁ አሉ። ቬትናም በበኩሏ መውጫውን ልታጠብቅ ተስማማች፤ ይህኛው ለስደተኛው መልካም ዜና ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ያ ስምምነት የመጣው የሃይ ሆንግና የቢዶንግ ፎቶ በየጋዜጣው ከወጣ በኋላ ነው። አሜሪካም ብትሆን ፕሬዚዳንት ካርተር የሚወሰደውን ቁጥር በወር ከ7 ሺህ ወደ 14 ሺህ ሲያሳድጉ አብዛኛው ሕዝብ ይቃወም ነበር።

ጽሑፉ «እስራኤል ሳትቀር» ብሎ በኩራት ይጠቅሳል። ትክክል ነው፤ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በጁን 1977 «ዩቫሊ» የተባለች የእስራኤል መርከብ 66 ቬትናሞችን ከባሕር አነሳች። ሌሎች መርከቦች አይተው አልፈዋቸው ነበር። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኼም ቤጊን ሥልጣን እንደያዙ መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ እነሱን ማስገባት ነው። በ1939 አይሁዶችን ጭና ወደብ ያጣችውን መርከብ በምሳሌነት ጠቀሱ። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ጉዞም በዚያው ዓመት በእሳቸው ዘመን ነው በትንሹ የተጀመረው። ግን በጠቅላላው እስራኤል የገቡት ቬትናሞች 360 ያህል ናቸው። በ20 ዓመት ውስጥ በጀልባ በየአገሩ የደረሱት ወደ 800 ሺህ ይጠጋሉ። ያንን በዚህ መሸፈን አይቻልም።

«ባሕሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ማዕበል ማንንም አይመርጥም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት። ማዕበል ብቻ ቢሆን ኖሮ! የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በ1981 ታይላንድ የደረሱ ጀልባዎችን ቆጥሯል። 452 ነበሩ። 349ኙ በባሕር ወንበዴ ተጠቅተዋል፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ ሦስት ጊዜ። 578 ሴቶች ተደፍረዋል። 228 ተጠልፈው ተወስደዋል። 881 ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል። ይህ የደረሱት የተናገሩት ነው። ያልደረሱትን ማን ይቁጠራቸው? ወንበዴዎቹ ብዙዎቹ ከሳምንት እስከ ሳምንት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ። ተደጋግመው የመጡትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ወርቁን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ሞተሩን፤ ሦስተኛው የሚወስደው ሲያጣ ሰው ይወስዳል።

ባልደረባዬ የወጣው በዚያው በ1981 ነው፣ ራች ዣ ከሚባል ወደብ፣ ከ43 ሰው ጋር። ስለ መጀመሪያው የወንበዴ ጀልባ ስንቴ አጫውቶኛል። ሳቅም አለበት፤ የሰዓት ማሰሪያውን ብቻ ትተውለት ሄዱ ይላል። ስለ ሁለተኛውም ይነግረኛል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይነሳና ማድረቂያው ሥራውን ጨርሶ እንደሆነ ሊያይ ይሄዳል። በ11 ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም አልቀጠለልኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። እህቱ አብራው ተሳፍራ እንደነበር የማውቀው ከሌላ ሰው ነው።

የሚያልፉት መርከቦችም አሉ። አንድ የጭነት መርከብ ስደተኛ ካነሳ ወደብ አውርድ አይባልም፤ ቀን ይቃጠላል፣ ባለቤቱ ይቆጣል። ስለዚህ ብዙ ካፒቴን ፊቱን አዞረ። የጀርመኑ ሩፐርት ኖይዴክ በ«ካፕ አናሙር» መርከብ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ያወጣው ሌላው ሲያልፍ ነው። በ1988 ደግሞ 110 ሰው ይዞ የተነሳ ጀልባ ሞተሩ ቆሞ ሲንሳፈፍ የአሜሪካ የጦር መርከብ «ዱቡክ» አገኘው። ምግብ፣ ውኃና ካርታ ሰጥቶ ሄደ። ጀልባው ፊሊፒንስ ቦሊናኦ የደረሰው በ37ኛው ቀን ነው። በሕይወት የተገኙት 52 ነበሩ። የመጨረሻዎቹን ቀናት እንዴት እንዳለፉ እዚህ አልጽፈውም። የመርከቡ አዛዥ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ግዴታን ባለመወጣት ጥፋተኛ ተባለ። ፍርድ ቤቱ እንግዲህ «ባሕሩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው» አላለም።

ስለ ወረፋው አጭር ነገር ልበል። ሕጋዊ መውጫ ነበር፣ እውነት ነው። በሜይ 1979 ቬትናምና የስደተኞች ድርጅቱ ተስማሙ፤ በጊዜ ብዛት ከ600 ሺህ በላይ ሰው በዚያ ወጥቷል። ግን ቬትናም ይውጡ የምትላቸው ስም ዝርዝርና አሜሪካ ይምጡ የምትላቸው ስም ዝርዝር አይገጥምም ነበር። በሁለቱም ላይ ያልተገኘ ሰው ይጠብቃል። ከተሐድሶ ካምፕ የወጡት እስረኞች በብዛት መውጣት የቻሉት በ1989 ሁለቱ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ ነው። ወታደር የመሆኛ ወረቀት የያዘ ልጅ ደግሞ የትኛው መስኮት ላይ ነው የሚሰለፈው?

አንድ ቦታ ላይ ለጸሐፊው ሐቁን ልስጠው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በተለይ ሆንግ ኮንግ የደረሱት መካከል ችግር ብቻ ያስወጣቸው ብዙዎች ነበሩ። ለዚህም ነው በ1988 ሆንግ ኮንግ፣ በ1989 ሌሎቹም ማጣራት የጀመሩት። ካላለፉት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቬትናም ተመልሷል። አንዳንዱ በውዴታ፣ አንዳንዱ በፖሊስ እየተጎተተ። ጸሐፊው ያደረገው ግን የ1989ኙን ሰው ወስዶ በ1979ኙ ላይ መለጠፍ ነው። ለማጣራት አንድ በአንድ መጠየቅ ነበረባቸው። እሱ 800 ሺህውን በአንድ አንቀጽ አጣርቶ ጨረሰ።

«አሜሪካ ከገቡ በኋላ ማንም አልነካቸውም» የሚለውን በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ሽሪምፕ ለሚያጠምዱት ይንገራቸው። በ1981 ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ጀልባቸውን ሊያቃጥል ሲዝት ፍርድ ቤት ሄደው ነው ያስቆሙት።

ንግድ ነው ላለው ደግሞ አንድ ደረሰኝ ላሳየው። አሜሪካ በ1980 አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች። የገፋፋው በአብዛኛው የእነዚህ የጀልባ ሰዎች ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ በዋናነት ከኮሚኒስት አገርና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸን ነበር የሚያየው። አዲሱ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ስደት የደረሰበትን ሁሉ ከየትም ይምጣ አለ። ከሱዳን ካምፖች ስማችን ተጠርቶ አውሮፕላን የተሳፈርነው በዚያ ሕግ ነው። የጽሑፉ አንባቢዎች አብዛኛዎቹ አባታቸው ወይም አጎታቸው የመጣው እንደዚያው ይሆናል። ጸሐፊውም እዚህ አገር የሚኖር ይመስለኛል። በምን እንደገባ አልጠይቀውም።

ባለፈው ቅዳሜ ጽሑፉን ይዤ ኤደን ሴንተር ሄድኩ። እነሱ ቡናቸውን በበረዶና በቆርቆሮ ወተት ነው የሚጠጡት። የእናቴን ጀበና ላየ ሰው ኃጢአት ነው፣ ግን ለምጄዋለሁ። የጽሑፉን ፍሬ ነገር ለባልደረባዬ በእንግሊዝኛ እያሳጠርኩ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ባሕሩ ምንም አላለም። ወርቁ ላይ ስደርስ ግን አስቆመኝ።

«ስንት ከፈሉ ይላል?»

«አሥር ታኤል» አልኩት።

«አሥር?» አለና በማንኪያው በረዶውን አማሰለ። «እኔ ሦስት ነው የከፈልኩት። ሞተሩም አሮጌ ነበር።»